ንጉሡ ተከሉት፤ ማን ጠበቀው? የመናገሻ ሱባ ደንና የደን ቁጥራችን

ክረምት ገብቶ የችግኝ ተከላ ሲጀመር ሁለት ወሬዎች አብረው ይነሳሉ። አንደኛው «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ መሬት ደን ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ብቻ ቀረ» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከ500 ዓመት በፊት ደን ተክለዋል፤ እኛ እንዴት ያቅተናል?» ይላል። ሁለቱም በሬዲዮ፣ በፌስቡክና በስብሰባ ላይ ሲደጋገሙ ኖረዋል። ማንም ቆም ብሎ አይጠይቃቸውም።

ሁለቱን ወሬዎች አንድ ቦታ ላይ ማገናኘት ይቻላል። ቦታው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። የዘውድ ርስት ሆኖ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሲለዋወጥ፣ ከተማ ሲጠጋው፣ መጋዝ ሲገባበት ከ550 ዓመት በላይ ቆይቷል። እንዴት ቆየ የሚለው ጥያቄ፣ ማን ተከለው ከሚለው ይበልጥ ለዛሬው ክርክራችን ይጠቅማል።

ደኑ የትኛው ነው?

ወጨጫ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ጫፉ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ደኑ ከ2,200 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ሽቅብ ይወጣል። በሰሜን በኩል መናገሻ ከተማና ሆለታ፣ በደቡብ ሰበታ ይዋሰኑታል። ከተራራው የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ላይኛው አዋሽ ይገባሉ።

በደን ስም የተከለለው መሬት ከ9,000 ሄክታር በላይ ነው። ጥቅጥቅ ያለው የተፈጥሮ ደን ግን የዚያን ሲሶ አይሞላም። የተቀረው በቅርብ ዘመን የተተከለ የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሣር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ከተማ ውስጥ በየግቢው አጥር የምናየው ሾጣጣ ዛፍ የፈረንጅ ጥድ ነው። የመናገሻው አሮጌ ጥድ ግን የሐበሻ ጥድ ነው። የሐበሻ ጥድ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ብዙ መቶ ዓመት ይኖራል፣ እንጨቱን ምስጥ አይደፍረውም። ለቤት ምሰሶ፣ ለአጥር ቋሚና ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሲፈለግ የኖረው ለዚህ ነው። የተጨፈጨፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ታችኛው ክፍል ላይ ጥዱ ከዝግባ፣ ከወይራና ከጥቁር እንጨት ጋር ይኖራል። ወደ ላይ ሲወጣ ኮሶ ይመጣል። ከዚያም በላይ አስታ ብቻ ይቀራል። ጉሬዛ፣ የምኒልክ ድኩላና ነብር የዚህ ደን ነዋሪዎች ናቸው።

ዘርዓ ያዕቆብ በእርግጥ ተክለውታል?

በታሪክ የሚነገረው እንዲህ ነው። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተራራው መራቆቱን አዩ። የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ ደን አስመጡና እንዲተከል አዘዙ። ወፍ ዋሻ በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ባለው ገደላማ ስፍራ ዛሬም አለ። ንጉሡ በኋላ ከተማቸውን ያደረጉባት ደብረ ብርሃን ከዚያ ሩቅ አይደለችም። ስለዚህ ዘሩ ከዚያ መጣ መባሉ ለጂኦግራፊው አይከፋም።

ይህን ታሪክ የሚጠራጠሩም አሉ። የእነሱ ክርክር ቀላል ነው። በመናገሻ ያለው የዛፍ ዓይነት ብዙ ነው። ንጉሥ ጥድ አስተክለው ይሆናል፤ ጥቁር እንጨቱን፣ ኮሶውንና ብሳናውን ግን ማን ተከለው? ደኑ ከጥንትም የነበረ ነው፤ ንጉሡ ያደረጉት መከለል ብቻ ነው ይላሉ።

ይህን ለመዳኘት አፈሩን መጠየቅ ይቻላል። ዘዴው በካርቦን ላይ የተመሠረተ ነው። ካርቦን በተፈጥሮ ቀለል ያለና ከበድ ያለ ዓይነት አለው። እነዚህ ዓይነቶች ኢሶቶፕ ይባላሉ። ዛፍ ከአየር ካርቦን ሲወስድ ከባዱን ብዙም አይቀበልም። ጤፍ፣ ማሽላና ብዙ የሞቃት አገር ሣሮች ግን ከባዱን ከዛፍ የተሻለ ይወስዳሉ። ቅጠልና ሥር ሲበሰብስ ይህ ልዩነት አፈር ውስጥ ይቀራል። ጉድጓድ ቆፍሮ ከላይ እስከ ታች ናሙና የሚወስድ ሰው፣ በዚያ ቦታ ላይ ቀድሞ ምን ይበቅል እንደነበር ማንበብ ይችላል ማለት ነው።

በመናገሻ ደን ይህ ጥናት ተደርጓል። የላይኛው አፈር የዛፍ ምልክት አለው። ወደ ታች ሲወረድ ምልክቱ ወደ ሣር ያደላል። ዛሬ ደን በሆነው መሬት ላይ ቀድሞ ሣር ወይም እርሻ ነበር ማለት ነው። ይህ ከነገሥታቱ ታሪክ ጋር ይገጥማል።

በእኔ እይታ ሁለቱ ወገኖች የተያያዘ ነገር እየተናገሩ ነው። ጥድ ክፍት ቦታ የሚወድ ዛፍ ነው። ባዶ መሬት ላይ ቀድሞ የሚቆመው እሱ ነው። ከቆመ በኋላ ወፎች ያርፉበታል። ከሸለቆ የበሉትን የወይራና የጥቁር እንጨት ፍሬ ከሥሩ ይጥላሉ። ጥላው አፈሩን ያቀዘቅዛል፣ እርጥበቱን ይይዛል። በዚያ ጥላ ሥር ሌላው ይበቅላል። ንጉሡ መጀመሪያውን ጣሉ፤ ቀሪውን ወፎቹና መቶ ዓመታት ሠሩት። ይህ ሁሉ የሆነው ግን በዚያ ዘመን ሁሉ ከብት በነፃ ስላልገባ፣ መጥረቢያም እንዳሻው ስላልዘለቀ ነው። ከተከላው ይልቅ ጥበቃው ብዙ ትውልድ ጠይቋል። በየዓመቱ የምንረሳው ይህንን ነው።

የ40 በመቶው ቁጥር ከየት መጣ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ወሬ እንመለስ። «እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ 40 በመቶ» የሚባለውን ቁጥር የለካ ሰው የለም። በዚያን ጊዜ ሳተላይት ቀርቶ የአየር ፎቶ እንኳ አልነበረም። ቁጥሩ ከሪፖርት ወደ ሪፖርት ሲገለበጥ የኖረ ነው። ምንጩን ወደ ኋላ የተከተሉ የታሪክ ተመራማሪዎች ልኬት አላገኙም። ያገኙት አየሩና አፈሩ ደን ሊያበቅል ይችል የነበረውን መሬት በግምት ያሰላ ሐሳብ ነው። «ሊኖር ይችል የነበረ» የሚለው በጊዜ ብዛት «የነበረ» ሆነ።

የጉዞ ማስታወሻዎች ሌላ ነገር ይነግሩናል። ከ16ኛው እስከ 19ኛው መቶ ዘመን በሰሜኑ ደጋ ያለፉ ሰዎች ብዙ ቦታ ላይ ያዩት የታረሰ ሜዳ ነው። ዛፍ የሚያዩት በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነበር። የነገሥታቱ ሰፈር ከቦታ ቦታ ከሚዞርባቸው ምክንያቶች አንዱ የማገዶ እጦት እንደነበርም ይታወቃል። በሺህ የሚቆጠር ሰው አንድ ቦታ ሲሰፍር ዙሪያውን ያለው እንጨት ያልቃል። ከዚያ ድንኳን ይነቀላል። ዘርዓ ያዕቆብ ወጨጫን ተራቁቶ አገኙት የሚለው ታሪክ ራሱ፣ የደን መመናመን የትናንት ጉዳይ አለመሆኑን ይመሰክራል። «አያቶቻችን ሁሉን ደን አስረከቡን፤ እኛ በመቶ ዓመት ጨረስነው» የሚለው አነጋገር ከዚህ ጋር አይሄድም።

ይህ ማለት ጥፋት አልደረሰም ማለት አይደለም። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ባለፉት መቶ ዓመታት ትልቅ ደን ጠፍቷል። ነገር ግን ጥፋቱ በየአካባቢው የተለያየ ነው። ምክንያቱም የተለያየ ነው። አንድ ቁጥር ለሁሉም አይበቃም።

«3 በመቶ» የሚለውም ሌላ ችግር አለበት። እሱ የሚቆጥረው ረጃጅም ዛፍ ያለበትን ጥቅጥቅ ደን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያ የደን ትርጉሟን ቀየረች። በአዲሱ ትርጉም፣ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር የሆነ፣ ዛፉ ወይም ቀርከሃው 2 ሜትር የደረሰ፣ ጥላው 20 በመቶውን መሬት የሸፈነ ቦታ ደን ይባላል። በዚህ ትርጉም የቆላው ጫካና ቀርከሃው ተቆጠሩ። ሽፋኑም 15.5 በመቶ አካባቢ ሆነ። ያኔ ብዙ ሰው «ደኑ በአንድ ሌሊት አደገ ወይ?» ብሎ ተገረመ። የተለወጠው መለኪያው ነበር። በቅርቡ መንግሥት ሽፋኑ 23.6 በመቶ ደርሷል ሲልም ሁልጊዜ አብሮ መጠየቅ ያለበት «በየትኛው ትርጉም? ምን ዓይነት ዛፍ?» የሚለው ነው። በዚህ መለኪያ የመናገሻ የ400 ዓመት ጥድና ባለ ሁለት ሜትር የባሕር ዛፍ ቁጥቋጦ እኩል አንድ ሄክታር ናቸው።

ባሕር ዛፍ ገዳይ ነው ወይስ አዳኝ?

በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር ዙሪያዋ ብዙ እንጨት አልነበረም። ከተማዋ ስታድግ የነበረውም አለቀ። ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር፤ እዚያም ቤተ መንግሥት አሠርተዋል። በኋላ ቤተ መንግሥቱ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋን ካለችበት ያስቀራት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ማብቂያ አካባቢ ገባ። ተቆርጦ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በጥቂት ዓመት ምሰሶ ይሆናል። እንጦጦ በሙሉ በእሱ ተሸፈነ።

ስለ ባሕር ዛፍ ሁለት ጽንፍ ይሰማል። አንዱ ውኃ የሚጠጣ፣ አፈር የሚያደርቅ ጠላት ነው ይላል። ሌላው የድሃ ባንክ ይለዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ከሥሩ ሌላ ተክል እምብዛም አይበቅልም። ምንጭ አጠገብ ሲተከል ውኃውን ይጎዳል። ግን አንድ ነገር መርሳት አይገባም። አዲስ አበባ ማገዶዋንና የቤት እንጨቷን ከባሕር ዛፍ ባታገኝ ኖሮ ቀጥሎ ያለው ወጨጫ ነበር። ርቀቱ የአህያ ጭነት የማያቅተው ነው። እንደኔ፣ የመናገሻን ጥድ ካተረፉት ነገሮች አንዱ ከማዶ የቆመው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነው።

ዋጋውን የከፈሉት ሌሎች መሆናቸውም አይዘነጋም። ከራሷ ክብደት የማይተናነስ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ ጎንበስ ብላ ከእንጦጦ ቁልቁል የምትወርድ ሴት የአዲስ አበባ የዕለት ትዕይንት ነበረች። ከተማዋ እንጀራዋን የጋገረችው በዚያች ሴት ጀርባ ነው።

ከዘውድ ወደ መንግሥት

የዘውድ ደን ሲባል በሥራ ላይ ምን ማለት ነበር? ዛፉ የንጉሡ ነው። ያለ ፈቃድ የቆረጠ ይቀጣል። ጠባቂ አለ። ፈቃድ ሲሰጥም ለቤተ መንግሥት ወይም ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው። ሥርዓቱ ግልጽ ነበር። ፍትሐዊ ነበር ማለት ግን አይደለም። ተራራው ሥር የሚኖረው ገበሬ ከብቱን የሚያሰማራበት፣ ማገዶ የሚለቅምበት ቦታ ተከልክሎበት ነበር። ደኑን ስናደንቅ ይህንን መዝለል የለብንም።

በ20ኛው መቶ ዘመን የእንጨት መሰንጠቂያ ገባ። ትላልቅ ዝግባና ጥድ ወደ ሳንቃ ተለወጡ። እ.ኤ.አ. በ1965 የመንግሥት፣ የግልና የጥብቅ ደን የሚሉ አዋጆች ወጡ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ደኑም ሙሉ በሙሉ በመንግሥት እጅ ገባ። በደርግ ጊዜ ብዙ ተከላ ተደርጓል፤ ዛሬ በሱባ የምናየው የፈረንጅ ጥድ ከፊሉ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ተከላው ግን ብዙ ቦታ በዘመቻና በትእዛዝ የተሠራ ነበር። ሰው የራሱ አልመሰለውም።

ውጤቱ በ1983 ዓ.ም. ታየ። መንግሥት ሲወድቅ ጠባቂው ቤቱ ገባ። በብዙ አካባቢ የተተከለው ደን በሳምንታት ውስጥ ተቆረጠ። ይህ የጥቂት ሌቦች ሥራ ብቻ አልነበረም። ሰዉ «የማን ነው?» ብሎ ጠይቆ «የማንም» የሚል መልስ ስላገኘ ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረገው የደን ፖሊሲ ክርክር ሁሉ ከዚያ ወቅት ይጀምራል ማለት ይቻላል።

በአንጻሩ የቤተ ክርስቲያን ደኖችን እናስብ። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከሺህ በላይ አሉ። ትንንሽ ናቸው። ነገር ግን መንግሥት ሲለዋወጥ አልተነኩም። የንጉሥ ጠባቂ ሊሄድ ይችላል። ዛፉ የታቦቱ ጥላ ነው ብሎ የሚያምን ሰፈር ግን የትም አይሄድም።

ማን ይጠብቅ?

ዛሬ መናገሻ ሱባን የሚያስተዳድረው በ2001 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ደንና የዱር እንስሳት ድርጅት ነው። በደን ጥበቃ ላይ ሁለት አመለካከቶች ይፋለማሉ።

አንደኛው ጥብቅ ይሁን ይላል። ከከተማ የተጠጋ ደን ከተለቀቀ አይመለስም። ጠባቂ፣ ወሰን፣ ቅጣት ያስፈልጋል። ይህ ሐሳብ ክብደት አለው። ከአዲስ አበባ ቀጥሎ አሁን ሸገር ከተማ ከደኑ ደጃፍ ደርሷል። የመሬት ዋጋ በካሬ በሚቆጠርበት አካባቢ ሣር ያለበት ክፍት ቦታ ሁሉ «ባዶ» ተብሎ ይታያል።

ሁለተኛው አሳታፊ የደን አስተዳደር ይባላል። በቀላሉ ሲነገር፣ ደኑ ሥር የሚኖረው ማኅበረሰብ ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር ይዋዋላል። ይጠብቃል። በምላሹ የደረቀ እንጨት፣ የታጨደ ሣር፣ ማርና ከሽያጭ የተወሰነ ድርሻ ያገኛል። ከመናገሻ ወደ ምዕራብ፣ ጊንጪ አጠገብ ያለው የጭልሞ ደን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይህ ከተሞከረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ አራት ባለቤት ያውቃል። ይህ በሕግ ደረጃ ትልቅ ለውጥ ነው።

ድክመቱም አለ። ድርሻው በወረቀት ላይ ብቻ ሲቀር ሰው ይሰለቻል። ማኅበሩን ጥቂት ጉልበተኞች ሲይዙት ድሃው እንደገና ውጭ ይቀራል። ደግሞ አሳታፊነት ከከተማ ለሚመጣ የመሬት ጥያቄ መልስ የለውም። ገበሬው ዛፉን ሊጠብቅ ይችላል፤ መሬቱ ለቤት ግንባታ ሲፈለግ ግን አቅም የለውም። ስለዚህ በመናገሻ ዙሪያ ሁለቱም ያስፈልጋሉ ብዬ አምናለሁ። ወሰኑ በሕግ የታሰረና በካርታ ላይ የተሰመረ ይሁን። በወሰኑ ውስጥ ያለው ጥቅም ደግሞ ለደኑ ጎረቤቶች ይድረስ።

ችግኝ ከተተከለ በኋላ

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። የሰዉ መነሳሳት ትልቅ ነገር ነው፤ ማቃለል አይገባም። የተከላው ቁጥር ግን ስለ ደን የሚነግረን ትንሽ ነው። ችግኝ በመጀመሪያው በጋ በድርቅ ይሞታል። በሁለተኛው ዓመት ፍየል ይበላዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ቆሞ የተገኘው ስንት ነው የሚለው ቁጥር ነው ሥራውን የሚመዝነው። ለዚህ ደግሞ መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ከብት ማን እንደሚከለክል፣ ከዚያ ዛፍ ማን እንደሚጠቀም ከተከላው በፊት መታወቅ አለበት።

የዛፉ ዓይነትም ጉዳይ ነው። ለምሰሶና ለማገዶ ባሕር ዛፍ ያዋጣል። ምንጭ ለመመለስና አፈር ለማቆየት የአገር በቀል ዛፍ ይሻላል። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ውስጥ መክተት ሁለቱንም አይጠቅምም።

መናገሻ ራሱ አሁን ፈተና ላይ ነው። ፈተናው ከመጥረቢያም የረቀቀ ነው። የጥድ ዘር በአሮጌ ጥድ ጥላ ሥር በደንብ አይበቅልም፤ ብርሃን ይፈልጋል። ስለዚህ በጥቅጥቁ ክፍል ውስጥ ትልልቅ ጥዶች አሉ፤ ሕፃን ጥድ ግን እምብዛም አይታይም። ይህ በተፈጥሮው ችግር አይደለም። ተራውን ወይራና ዝግባ ይረከባል። ደኑ መልኩን ይቀይራል እንጂ ደን ሆኖ ይቀጥላል። ችግሩ የሚመጣው ከብት ሲገባ ነው። ከብት የወይራውንና የዝግባውን ቡቃያ ይግጣል፣ ይረግጣል። ከላይ ሲታይ ደኑ ሙሉ ነው። ሳተላይትም አረንጓዴ ብሎ ይቆጥረዋል። ከሥር ግን ተተኪ የለም።

ሱባ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ አንጋጦ ግንዱን ያደንቃል፣ ፎቶ ይነሳል። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ከግንዱ ሥር ያለውን ይመልከት። ቅጠሏ ቀጭን፣ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር ነጣ ያለች፣ ጉልበት የማትደርስ የወይራ ቡቃያ ካገኘ፣ የዚያ አካባቢ ጥበቃ እየሠራ ነው። ያገኘው የከብት ኮቴና የተጋጠ ሣር ብቻ ከሆነ፣ ከላይ ያለው ጥድ ምንም ያህል ቢያምር የመጨረሻው ነው።